7995፦ የአሜሪካ ባንክ የኦንላይን ቁማር ክፍያን እንዴት ያግዳል? ከአካውንት መክፈቻው እስከ «ዲክላይን»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ ፋይል መጣ። የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት በየወሩ መጀመሪያ ከ20 ሰው 500፣ 500 ዶላር በዜል (ከባንክ አካውንት ወደ አካውንት በስልክ በሚላክበት መንገድ) ይገባላቸዋል። በሦስተኛው ቀን 10,000 ዶላር በቼክ ይወጣል፤ ተቀባዩ ደግሞ በየወሩ ሌላ ሰው ነው። አንዳንዱ ላኪ ማስታወሻው ላይ በእንግሊዝኛ «ሎተሪ» ብሎ ጽፏል። ባልደረባዬ ግርጌው ላይ «ሕገወጥ ቁማር ይመስላል፤ አካውንቱ ይዘጋ» የሚል ሐሳብ አስፍሮበታል። እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ። እቁብ ነው። ሴትዮዋ የእቁቡ ዳኛ ናቸው፤ ከእቁብተኞቹ አንዱ «እጣ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚለው ሲቸግረው ያገኘውን ቃል ጻፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ባልደረባዬ እቁብን ባያውቅ አይፈረድበትም። የባሰው ስህተቱ ግን የኦንላይን ቁማር ክፍያን ፍለጋ የግለሰብ አካውንት ውስጥ መግባቱ ነበር። ሕጉ ባንኩን የሚያስፈትሸው ከፋዩን አይደለም፤ ተቀባዩን ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይከተለዋል።

መመሪያውን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በባንክ፣ በክሬዲት ዩኒየን ወይም በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ኮምፕላያንስ (የሕግ ተገዢነት) ክፍል ለምትሠሩ፣ በተለይ ለጀማሪዎች ነው። የንግድ አካውንት ልትከፍቱ ሄዳችሁ «ድርጅትዎ በኢንተርኔት ቁማር ላይ ተሰማርቷል?» የሚል ቅጽ ሲሰጣችሁ ግራ የገባችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። የጠበቃ ምክር ግን አይተካም።

ደረጃ 1፦ የተከለከለው ምን እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ

ሕጉ በምህጻር ዩአይጂኢኤ (UIGEA) ይባላል፤ ሲፈታ የሕገወጥ ኢንተርኔት ቁማር ማስፈጸሚያ ሕግ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የፈረሙት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2006 ነው። የሚገርመው፣ ያለፈው ስለ ወደብ ጸጥታ በወጣ ሕግ ጅራት ላይ ተቀጥሎ ነው፤ ስለ መርከብና ስለ ኮንቴይነር ሲያወራ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ቁማር ይመጣል። ማስፈጸሚያ ደንቡን ፌዴራል ሪዘርቭና የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት በ2008 በጋራ አወጡት። ባንኮች ሙሉ በሙሉ እንዲተገብሩት የተገደዱት ግን ከጁን 1 ቀን 2010 ጀምሮ ነው። በሥራ ቦታ ሁሉም የሚጠራው «ሬጉሌሽን ጂጂ» እያለ ነው።

የሚከለክለው ይህን ነው፦ በውርርድ ንግድ ላይ የተሰማራ ድርጅት፣ ሌላ ሰው በኢንተርኔት ለሚጫወተው ሕገወጥ ቁማር እያወቀ ክፍያ መቀበል። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ይሁን በቼክ፣ ከአካውንት ይሳብ ወይም በሐዋላ ይላክ ለውጥ የለውም። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ የሚወድቀውም በድርጅቱ ላይ ነው። ተጫዋቹን በዚህ ሕግ የሚከስሰው የለም፤ የክልሉ ሕግ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

አቅጣጫውን ልብ በሉ። የተከለከለው ወደ አጫዋቹ ድርጅት የሚሄደው ገንዘብ ነው። ያሸነፈ ሰው አካውንት ውስጥ የሚገባው ገንዘብ በዚህ ሕግ «የተከለከለ ክፍያ» አይባልም። አዲስ ሠራተኛ ዘወትር ይህን ይገለብጠዋል፤ ትልቅ ገቢ ሲያይ ይደነግጣል፣ ትንንሹን ወጪ ግን አያየውም።

ራስ የሚያዞረው «ሕገወጥ» የሚለው ቃል ነው። ሕጉ የትኛው ቁማር ሕገወጥ እንደሆነ ራሱ አይናገርም፤ ውርርዱ የተላከበትንና የተቀበለበትን ክልል ሕግ ጠይቁ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2018 የስፖርት ውርርድን በአብዛኛው አገር አግዶ የነበረውን የ1992 ፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ ካርታው ዥንጉርጉር ሆኗል። ቨርጂኒያ ውስጥ በስልክ መወራረድ ከጃንዋሪ 2021፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ይቻላል። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ አልፈቀዱም። ዋሽንግተን ስቴት የስፖርት ውርርድን የፈቀደው በነባር ሕዝቦች ካዚኖ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲያትል ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚወራረድ ሰው ፈቃድ ያለው ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ስፖርትና ካዚኖ ይለያያሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በስልካችሁ በእግር ኳስ መወራረድ ትችላላችሁ፤ በዚያው ስልክ ሩሌት መጫወት ግን አልተፈቀደም። ኒው ጀርዚ፣ ፔንሲልቬንያና ሚሺጋን ሁለቱንም ፈቅደዋል።

ደንቡ ሲረቀቅ ባንኮች «እሺ፣ ሕገወጦቹን ዘርዝራችሁ ስጡን» ብለው ጠይቀው ነበር። መንግሥት እምቢ አለ። ስለዚህ «የተከለከሉ ድረ ገጾች» የሚል ይፋዊ ዝርዝር ካለ አምጡ ብትባሉ ፍለጋ አትድከሙ።

ሕጉ የማይነካቸውም አሉ፦ በራሱ በአንድ ክልል ውስጥ በዚያው ክልል ፈቃድ የሚካሄድ ውርርድ፣ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ፣ መስፈርት የሚያሟላ ፋንታሲ ስፖርት (ከእውነተኛ ተጫዋቾች ምናባዊ ቡድን እየመሠረቱ መወዳደር)፣ የአክሲዮን ግብይት፣ ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም በተመዘገበ የፊውቸርስ (የወደፊት ግብይት ውል) ገበያ የሚካሄድ ግብይት። የመጨረሻው ዛሬ ትልቅ ራስ ምታት ሆኗል። «ማን ያሸንፋል?» የሚል ውል የሚያሻሽጡ የትንበያ ገበያዎች «እኛ በፌዴራል የተመዘገብን ገበያ ነን» ይላሉ፤ በርካታ ክልሎች ደግሞ «ስሙን ቀይራችሁት እንጂ ውርርድ ነው» ብለው ፍርድ ቤት ገትረዋቸዋል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣባችሁ ብቻችሁን አትወስኑ፤ ወደ ሕግ ክፍል አሳልፉት።

ደረጃ 2፦ የተቀመጣችሁበትን ወንበር እወቁ

አንድ ክፍያ ከከፋይ እስከ ተቀባይ ሦስት አራት ባንክ ያልፋል። ሁሉም እንዲፈትሽ አይጠበቅም። ደንቡ አምስት የክፍያ መንገዶችን ይዘረዝራል፤ በአብዛኞቹ ላይ ግዴታውን የሚጭነው ከነጋዴው ጋር ፊት ለፊት የተዋወቀው ባንክ ላይ ነው፤ ሌላውን ይለቀዋል።

ቼክ ከሆነ ባለ ግዴታው ነጋዴው ቼኩን ያስገባበት ባንክ ነው። ቼኩ የተጻፈበት ባንክ የለበትም። ዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የሚላክ ሐዋላ) ከሆነ የተቀባዩ ባንክ ነው፤ ላኪውና መሀል ያለው የሉበትም። ኤሲኤች (ባንኮች ክፍያን በጅምላ የሚለዋወጡበት መረብ) ላይ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ነጋዴው ከሰዎች አካውንት የሚስብ ከሆነ ትእዛዙን ወደ መረቡ ያስገባው የነጋዴው ባንክ ይጠየቃል፤ ሰዎች ወደ ነጋዴው የሚልኩ ከሆነ ተቀባዩ ባንክ ይጠየቃል። ሁለቱም ያው የነጋዴው ባንክ ናቸው። ትእዛዙ ወይም ቼኩ በቀጥታ ከውጭ አገር ባንክ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተቀበለው ባንክ የራሱ ግዴታ አለበት፤ የተከለከለ ክፍያ መሆኑን በእርግጥ ካወቀ ለውጭው ባንክ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ለዚህም ደንቡ የናሙና ደብዳቤ አያይዟል።

አራተኛው ገንዘብ አስተላላፊ ነው፤ ይህ የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። ደንቡ የሚመለከተው ደንበኛው ቢሮ ሳይመጣ በስልክ ወይም በድረ ገጽ ገንዘብ እንዲልክ የሚፈቅዱትን ነው። መስኮት ላይ ቆሞ ብር ቆጥሮ የሚልክ ደንበኛ ብቻ ያለው ሱቅ በዚህ ደንብ ውስጥ አይገባም፤ መተግበሪያ የከፈተ ዕለት ግን ይገባል። ገንዘብ አስተላላፊ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ለውጥ ሳታስተውሉት እንዳያመልጣችሁ።

አምስተኛው ካርድ ነው። እዚያ የሚለቀቅ የለም፤ የነጋዴው ባንክም፣ ካርዱን የሰጠው ባንክም፣ የካርድ መረቡም ይጠየቃሉ። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ እናያለን።

አሁን የእቁቡን ፋይል መልሳችሁ እዩት። ሴትዮዋ ነጋዴ አይደሉም፤ አካውንቱ የግል ነው፤ በዚህ ደንብ ስም የሚጣራ ነገር አልነበረም። (በገንዘብ ዝውውር ክትትል ስም መታየቱ ሌላ ሕግ ነው፤ ያ ሁሉንም ያያል።)

ደረጃ 3፦ አካውንት ሲከፈት ጠይቁ

የሥራው ሰባ በመቶ እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። በኋላ የሚመጣው ሁሉ እዚህ የተዘለለውን መልቀም ነው።

መጀመሪያ ስጋቱን ለዩ። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ራሱ በፌዴራል ተቆጣጣሪ ሥር ያለ ተቋም ከሆነ ስጋቱ አነስተኛ ነው። እንጀራ ጋጋሪና የታክስ አካውንታንትም ሥራቸው በራሱ ይናገራል፤ ስለ ኢንተርኔት ቁማር ሰዓት ማጥፋት አያስፈልግም። በጠየቃችሁት መሠረት «ይህ ድርጅት ውስጥ ቁማር ሊኖር አይችልም» ማለት ካቃታችሁ፣ «በኢንተርኔት ቁማር ንግድ ላይ አልተሰማራንም» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ አስፈርሙ።

«ተሰማርተናል» ካለ በሩ አይዘጋበትም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚጠየቀው ሰነድ ግን ይከብዳል። አንደኛ ሕጋዊነቱን የሚያሳይ ማስረጃ፦ ከክልል ወይም ከነባር ሕዝቦች ተቆጣጣሪ የተሰጠ ፈቃድ፣ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ለምን ሕጋዊ እንደሆነ በዝርዝር የሚያስረዳ የጠበቃ የሕግ አስተያየት። ሁለተኛ ፈቃዱ ከተቀየረ ወይም ከተነሣ ወዲያው እንደሚያሳውቅ የጽሑፍ ግዴታ። ሦስተኛ የድርጅቱ ሲስተም ተጫዋቹ ያለበትን ቦታና ዕድሜውን በአግባቡ እንደሚያጣራ ከገለልተኛ ወገን የተሰጠ ማረጋገጫ። በተረፈ ለማንኛውም የንግድ ደንበኛ «የተከለከለ ክፍያ በዚህ አካውንት ማንቀሳቀስ ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ ውሉ ውስጥ ይግባ። የንግድ አካውንት ስትከፍቱ ከምትፈርሟቸው ወረቀቶች መሀል ማንም የማያነባት ያቺ አንቀጽ ይህች ናት።

ቅጹን በማስሞላት ብቻ ግን ሥራው አያልቅም። ከሁለት ዓይነት ደንበኛ እውነተኛ ጭንቀት አይቻለሁ።

አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አካባቢ ነዳጅ ማደያ የገዛ የአገራችን ሰው ነው። ቅጹ ላይ «የኢንተርኔት ቁማር አለ?» ለሚለው «አዎ» ብሎ መለሰ። ለምን? ባንኮኒው ላይ የክልሉ ሎተሪ ማሽን አለ፣ ማሽኑ ደግሞ በመስመር የተገናኘ ነው፤ ሰውየው በሐቅ ነው የመለሰው። አካውንቱ ሁለት ሳምንት ታሰረበት። ስደውልለት «ልዋሽ እንዴ?» አለኝ። መዋሸት አያስፈልገውም ነበር። ሎተሪው የክልሉ መንግሥት ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው ለቆመ ደንበኛ በእጅ ነው፤ ማደያው የተፈቀደለት ወኪል ነው። የወኪልነት ውሉን ኮፒና የሁለት መስመር ማብራሪያ ጨመርን፣ አለቀ። ሎተሪ የምትሸጡ ባለ ሱቆች፣ ውሉን ይዛችሁ ወደ ባንክ ሂዱ፤ ሁለት ሳምንት ታተርፋላችሁ።

ሌላው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መኪና በእጣ አውጥቶ ትኬቱን በድረ ገጽ የሚሸጥ ኮሚቴ ነው። ዓላማው በጎ መሆኑ ጥያቄውን አያስቀረውም። የበጎ አድራጎት እጣን ክልሎች በተለያየ መንገድ ይቆጣጠራሉ፤ በኢንተርኔት መሸጥን የማይፈቅዱ አሉ። ባንኩ የሚጠይቀው በክፋት አይደለም። ትኬት ከማሳተማችሁ በፊት የክልሉን ሕግ አጣሩ፤ ፈቃድ ካስፈለገም አውጡ።

አደገኛው ደንበኛ ግን ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፤ የሌሎችን ክፍያ ሰብስቦ የሚያሳልፍ አቀናባሪ ድርጅት ነው። ለእናንተ አንድ ደንበኛ ነው፣ ከጀርባው ግን ሁለት መቶ የማታውቋቸው ነጋዴዎች አሉ። እሱን «ቁማር አለህ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። «ነጋዴዎችህ እነማን ናቸው? አንተስ ስትቀበላቸው ምን ትጠይቃቸዋለህ?» በሉት። ዝርዝሩን ሲሰጣችሁ አምስት ስድስቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ አስገቡ፤ ዋጋውን እዩ፤ ስልኩን ደውሉ። ቅርጫቱ የማይሠራ ሱቅ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ካርድ ላይ ኮዱ ሥራውን ይሥራ

ካርድ ላይ የሚወሰነው ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አያይም። ስለዚህ ደንቡ ለካርድ ሁለት አማራጭ ሰጠ፦ ወይ ነጋዴውን ማጣራት፣ ወይ ክፍያው ገና ፈቃድ ሲጠይቅ ዓይነቱን በኮድ ለይቶ መመለስ። ሁሉም ማለት ይቻላል በኮዱ ይሠራል።

እያንዳንዱ ነጋዴ ባለ አራት አኃዝ የንግድ ዓይነት ኮድ አለው። 5411 ግሮሰሪ ነው፤ 5812 ምግብ ቤት። 7995 ውርርድ ነው። ደንበኛው «ክፈል» ሲል ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ የሚሄደው መልእክት በቁጥር የተከፋፈሉ ሳጥኖች አሉት። ሳጥን 18 ውስጥ 7995 ተቀምጧል እንበል። ሌላ ሳጥን ካርዱ በአካል መቅረቡን ወይም ክፍያው በኢንተርኔት መሆኑን ይናገራል። የባንኩ ሲስተም ሁለቱን አንድ ላይ ያያል። ይህ ጥምረት የግድ ነው፤ ናሽናል ሃርበር፣ ሜሪላንድ ያለው ካዚኖ ውስጥ በአካል የሚከፍል ሰውም 7995 ይዞ ይመጣል፣ እሱን ግን ይህ ሕግ አይነካውም። ኢንተርኔት ከሆነና የባንኩ ደንብ «አግድ» ካለ፣ ሳጥን 39 ውስጥ መልስ ተጽፎ ይመለሳል፦ ብዙውን ጊዜ 57 (ለዚህ ካርድ ያልተፈቀደ ክፍያ) ወይም 05 (አትቀበሉት)። ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚያየው «ዲክላይን» (ክፍያው አልተቀበለም) የምትለውን ቃል ብቻ ነው።

ሕጋዊው ኦንላይን ውርርድ ሲስፋፋ የካርድ መረቦቹ ለአሜሪካ የተለዩ ኮዶች ከፈቱ፦ 7800 ለመንግሥት ሎተሪ፣ 7801 ፈቃድ ላለው የኢንተርኔት ቁማር፣ 7802 ለፈረስና ለውሻ እሽቅድምድም። በዚህ መንገድ ባንኩ ፈቃድ ያለውን ከሌለው ለይቶ ማሳለፍ ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም። ሕጉ የተከለከለ መስሎት ወይም የራሱን አሠራር ተከትሎ ክፍያ ያገደን ባንክ ከተጠያቂነት ይጠብቀዋል፤ ሕጋዊውን ክፍያ እንዲያሳልፍ ግን አያስገድደውም። ሁሉንም ዘግቶ መተኛት የቀለላቸው ባንኮች አሉ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ባለው ድርጅት የሚጫወት ሰው ካርዱ እምቢ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

እንዲያውም እገዳው ከሕጉ ይቀድማል። ሲቲባንክ በ2002 ከኒው ዮርክ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ከኤሊየት ስፒትዘር ጋር ተስማምቶ የኦንላይን ቁማር ክፍያን ከክሬዲት ካርዶቹ ማገድ ጀመረ። ፔይፓልም በዚያው ዓመት ከዚሁ ቢሮ ጋር 200,000 ዶላር ከፍሎ ተስማማ፤ በ2003 ደግሞ ለፌዴራል አቃብያነ ሕግ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ኮዱ ያኔም ነበረ፤ ያስፈለገው የሚያነበው ሰው ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ክሬዲት ካርዳችሁ ካለፈ ደስ አይበላችሁ። ብዙ ባንኮች የውርርድን ክፍያ እንደ ግዢ ሳይሆን ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማውጣት ይቆጥሩታል። የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይቆጥራል፤ የእፎይታ ጊዜ የለውም።

ደረጃ 5፦ ኮዱ ሲዋሽ ያዙት

ኮዱን የሚሰጠው የነጋዴው ባንክ ነው። ካርድ የሰጠው ባንክ ነጋዴውን አያውቀውም፤ የሚያየው የተሰጠውን አራት ቁጥር ብቻ ነው። ነጋዴው «አበባ ሻጭ ነኝ» ካለና ባንኩ ካመነው፣ አገር ምድሩ አበባ ያነባል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ የፖከር (የካርታ ቁማር) ተጫዋቾች «ጥቁሩ ዓርብ» የሚሉት ኤፕሪል 15 ቀን 2011 ነው። ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል አቃቤ ሕግ ቢሮ ከኦንላይን ፖከር ድርጅቶቹ ከፖከርስታርስ፣ ከፉል ቲልት ፖከርና ከአብሶሉት ፖከር ጋር የተያያዙ 11 ሰዎችን ከሰሰ። በክሱ መሠረት የተጫዋቾቹ ገንዘብ ጌጣጌጥና የጎልፍ ኳስ የሚሸጡ በሚመስሉ የውሸት ድርጅቶች በኩል ያልፍ ነበር። ባንኮች ኮድ ማንበብ ሲጀምሩና ይህ መንገድ ሲጠብብ ደግሞ በቀጥታ ባንክ ፍለጋ ተገባ። ሴንት ጆርጅ፣ ዩታ ውስጥ ሰንፈርስት የተባለ ገንዘብ የቸገረው ትንሽ ባንክ ነበር። ክሱ እንደሚለው የባንኩ ምክትል ሊቀመንበር ክፍያውን ለማስተናገድ የተስማሙት በባንኩ ላይ 10 ሚሊዮን ዶላር ኢንቨስት እንዲደረግ ነው። ሰውየው በ2012 በቀላል ወንጀል ጥፋተኛነታቸውን አመኑ። ባንኩን ተቆጣጣሪዎች በኖቬምበር 2011 ዘጉት። ፖከርስታርስ በ2012 በ731 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ቋጨ።

የጎልፍ ኳሱን ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ እሑድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልክ 200 ዶላር የጎልፍ ኳስ የሚገዛ ማን ነው? ፍለጋችሁን ከዚህ ጀምሩ።

ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ 37.82፣ 114.09 የመሰለ ቁጥር ያመጣል፤ ታክስ አለ፣ ማጓጓዣ አለ። ሁሉም 50፣ 100፣ 200 ከሆነ ጠርጥሩ። ሰዓቱን ከጨዋታ ቀን ጋር አስተያዩት፤ የአሜሪካ ፉትቦል ባለበት እሑድ የሚንር ሽያጭ የጫማ ሽያጭ አይሆንም። ገንዘብ ከፋዩ ጋር ተመልሶ ይሄዳል ወይ? ሱቅ የከፈለውን ሰው መልሶ ከከፈለው በላይ አይሰጠውም፤ አጫዋች ግን ይሰጣል። በደንበኛው መግለጫ ላይ የሚወጣው የነጋዴ ስም ከድረ ገጹ ስም ይለያል ወይ? ኤሲኤች ላይ ደግሞ የተመላሹን መጠን እዩ። «አልፈቀድኩም» ተብሎ የሚመለሰው ከ0.5 በመቶ ካለፈ የኤሲኤች መረቡ ራሱ ነጋዴውን ያስጠይቀዋል። ተጫዋች ገንዘቡን ሲያጣ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ማለት ልማዱ ነው፤ ሚስት መግለጫውን ካየች ደግሞ እርግጥ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና በትንሽ ገንዘብ ራስ ሞክሮ ማየት ነው። የተጠረጠረው የቁማር ድረ ገጽ ላይ በሙከራ ካርድ ትንሽ ክፍያ ይሞከራል፤ ክፍያው በየትኛው ነጋዴ ስምና በየትኛው ኮድ እንደመጣ ይታያል። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው የካርድ መረቦቹና ትልልቆቹ የነጋዴ ባንኮች ናቸው፤ ደንቡም ኮዱ በትክክል መሰጠቱን መፈተሽን ከጥሩ አሠራር ይቆጥረዋል። ጀማሪ ሠራተኛ ይህን በራሱ ካርድ፣ በራሱ ውሳኔ እንዳይሞክር። አንድ የማውቀው ልጅ ሞክሮ ማብራሪያ ሲጽፍ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ደረጃ 6፦ ስታገኙት

ደንቡ የሚጠቀመው ቃል «በእርግጥ ማወቅ» ነው፤ ጥርጣሬ አይደለም። ፍሬ ነገሩ በባንኩ ውስጥ ለዚህ ሥራ ኃላፊነት ያለበት ሰው ጆሮ ሲደርስ ባንኩ አወቀ ይባላል። ስለዚህ ቅርንጫፍ ያላችሁ፣ ደንበኛ ያወራችሁን ነገር በልባችሁ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ለክፍሉ በጽሑፍ አድርሱ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው አስቀድሞ በተጻፈው አሠራር ውስጥ መኖር አለበት፦ መቼ ክፍያ ይከለከላል፣ መቼ ደንበኛው ማብራሪያ ይጠየቃል፣ መቼ አካውንቱ ይዘጋል። ፈቃዱ የታደሰለትና ወረቀቱ የዘገየበት ደንበኛ፣ ጌጣጌጥ ሻጭ መስሎ ከገባ ጋር እኩል መታየት የለበትም።

አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሪፖርት የተለየ ግዴታ ነው፤ ከዚህ ደንብ ጋር አታምታቱት። ባንክ ውስጥ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሕገወጥ የሚመስል እንቅስቃሴ ከታየ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ተጠርጣሪው ካልታወቀ ሌላ 30 ቀን ይጨመራል። ኮፒው 5 ዓመት ይቀመጣል። ሪፖርት መቅረቡን ለደንበኛው መንገር ወንጀል ነው፤ የአክስት ልጅ ቢሆንም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ከሚመስለው በላይ ይፈትናል፤ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት አጠገባችሁ ተቀምጦ «አካውንቴን ምን ነካው?» ይላችኋል። መልሱ «ቅርንጫፉን ጠይቅ» ነው።

ለተቆጣጣሪ የምታሳዩት ደግሞ ይህን ነው፦ የተጻፈው አሠራር፣ የአካውንት መክፈቻ ጥያቄዎቹ፣ የተፈረሙት ማረጋገጫዎች፣ የወሰናችሁበት ምክንያት። ያልተጻፈ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ከመስኮቱ ማዶ ላላችሁ

ካርዳችሁ ሕጋዊ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ባንኩን «ይህ የእናንተ ፖሊሲ ነው ወይስ ስህተት?» ብላችሁ ጠይቁ። ፖሊሲ ከሆነ ክርክር አያዋጣም። «ሌላ ካርድ ሞክር፣ በክሪፕቶ ክፈል፣ በግለሰብ ስም ላክ» የሚል ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ግን ራሱ ማንነቱን ነግሯችኋል፤ ፈቃድ ያለው ድርጅት ገንዘቡን በማታውቁት ሰው ስም ላኩልኝ አይልም። እዚያ የቀረ ገንዘብ ላይ ባንኩም ክልሉም ሊረዷችሁ ይቸገራሉ።

ቤታችሁ ውስጥ ቁማር የያዘው ሰው ካለ ይኸው ኮድ ለእናንተም ይሠራል። ባንኩን ደውሎ «የውርርድ ክፍያን ከካርዴ ላይ አግዱልኝ» ማለት ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያደርጉም የማያደርጉም ባንኮች አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብዙዎቹ ባንኮች በመተግበሪያቸው ላይ ማገጃ አላቸው፣ በክሬዲት ካርድ መወራረድም ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ ተከልክሏል። ማገጃው ካርዱን እንጂ ጥሬ ገንዘቡን እንደማይይዝ ግን አትርሱ። የሚያግደው ባለቤቱ ራሱ ሲጠይቅ ስለሆነም መጀመሪያ ከሰውየው ጋር መነጋገር ይቀድማል።

የእቁቡ ዳኛ ፋይል ላይ «የቁጠባ ማኅበር ነው፤ 20 አባላት፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ተራው በእጣ ይለያል፤ አጫዋች የለም፣ የሚበላም የለም» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። ሴትዮዋ እቁብተኞቹን ሰብስበው ማስታወሻው ላይ «እቁብ» ብቻ እንዲጽፉ አዘዙ። በሚቀጥለው ወር ከ20ው 19ኙ እንደዚያ ጻፉ። አንዱ አሁንም «ሎተሪ» ይላል።